አዲስ ሶፍትዌር በቆየ ሊኑክስ ላይ፦ ጥቅሉ የሚሸከመውና የማይሸከመው ፊደል

የቆየ ኮምፒውተር ይዞ የቅርብ ጊዜ እትም የሆነ የሥዕል፣ የፎቶግራፍ ወይም የኅትመት ሶፍትዌር ለሚሻ የሊኑክስ ተጠቃሚ የሚሰጠው ምክር ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቃሏል፦ ሥርዓቱን አትንካ፣ ፕሮግራሙን ከነጓዙ አምጣው። አፕኢሜጅ፣ ፍላትፓክና ስናፕ የሚባሉት የጥቅል ዓይነቶች የዚህ ምክር መሣሪያዎች ናቸው። የቋንቋ አጥኚ ምክሩን የሚወድበት በቂ ምክንያት አለው። የመዝገበ ቃላቱ፣ የድምፅ ቅጂውና የግልባጭ ሥራው ሁሉ በአንድ በተለመደ ማሽን ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ የመሠረቱን ሥርዓት መቀየር ማለት ይህን ሁሉ አደጋ ላይ መጣል ነው። ይሁን እንጂ ምክሩ የሚያድነው ፕሮግራሙን ነው። ጽሑፉን በተለይም በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፈውን የማያድንበት ጊዜ አለ፤ ጉድለቱም ዘግይቶ የሚታይ በመሆኑ ከግልጽ ብልሽት የከፋ ነው።

የችግሩ ሥር ጂሊብሲ የተባለው መሠረታዊ የኮድ ስብስብ ነው። (እንዲህ ያለውን ስብስብ «ቤተ መጻሕፍት» ብሎ መተርጎም በአማርኛ ጽሑፎች ይታያል፤ ቃሉ ግን አንባቢን ወደ መጻሕፍት መደርደሪያ ይወስደዋል እንጂ ወደ ነገሩ አያደርሰውም። እዚህ «ላይብረሪ» መባሉ ይሻላል።) እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኡቡንቱ 18.04 ጂሊብሲ 2.27ን ይዟል። ብሌንደር 4.0 ግን 2.28 ወይም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ልዩነቱ አንዲት ቁጥር ብትሆንም ፕሮግራሙ አይነሣም። በዚያው ሥርዓት ማከማቻ ውስጥ የሚገኙት ኢንክስኬፕ 0.92፣ ጂምፕ 2.8ና የስክሪበስ 1.4 ተከታታይ ናቸው፤ ሦስቱም የራሳቸውን ዘመን ሥራ በሚገባ ይሠራሉ። ከዚያ በኋላ ለመጣው ነገር ግን መልስ የላቸውም።

ጥቅሉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አፕኢሜጅ ፕሮግራሙንና አብዛኞቹን ላይብረሪዎች በአንድ ፋይል ይሰበስባል፤ ተጠቃሚው ፋይሉን አውርዶ የማስኬድ ፈቃድ ይሰጠዋል፣ ያስነሣዋል። ከአስተዳዳሪ ፈቃድ መጠየቅ፣ ሥርዓቱን ማናጋት የለም። ጂሊብሲን ግን እንደ ልማዱ አይሸከምም፤ የጥቅሉ አዘጋጅ ሆን ብሎ በቆየ ሥርዓት ላይ ካልገነባው በቀር በቆየ ሥርዓት ላይ አይነሣም። ደግሞ የሚያስገርም ነገር አለ፦ ብዙዎቹ ጥቅሎች ፊውዝ የተባለውን መሣሪያ ሁለተኛ እትም ይፈልጋሉ፤ እሱም በኡቡንቱ 18.04 ላይ ተዘጋጅቶ ሲገኝ በ22.04 ላይ ግን ለብቻው ካልተጫነ የለም። አንዳንዴ የቆየው ሥርዓት ከአዲሱ ይልቅ እንግዳ ተቀባይ ነው። ፍላትፓክ በበኩሉ የራሱን መሠረት ይዞ ስለሚመጣ የጂሊብሲን ጥያቄ ከሥሩ ይፈታል፤ ዋጋው የብዙ መቶ ሜጋባይት ማውረጃ ነው፣ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ምክሩ ትክክል ነው። የሚጎድለውን ለማየት የፊደሉን የምዝገባ ታሪክ ማስታወስ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። በ2005 የወጣው 4.1 ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለሜን የሚያስፈልጉትን ፊደላት እንዲሁም የጥብቀት ምልክቱን ጨመረ። በ2010 የወጣው 6.0 ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ ፊደላትን አከለ። በ2021 ደግሞ 14.0 ለጉራጌ ቋንቋዎች 28 ተጨማሪ ፊደላትን አስገባ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ቀደምቶቹ ካሉበት መሠረታዊ ሠንጠረዥ ውጭ፣ በሁለተኛው ሠንጠረዥ ላይ ተቀመጡ። እንግዲህ «የኢትዮጵያ ፊደል ይሠራል» ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም። የአማርኛ አንባቢ በ1999 የረካበት ፊደል ለጉራጌኛ ጸሐፊ ሙሉ የሆነው ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ በ2018 የተቀመጠ ሥርዓትም ስለ 2021 የሚያውቀው ነገር የለም።

አንድ ጉራጌኛ የቃላት ዝርዝር፣ ከነዚህ 28 ፊደላት የተወሰኑትን የያዘ፣ በኡቡንቱ 18.04 ላይ ለኅትመት ይዘጋጃል እንበል። አጥኚው ኢንክስኬፕን በጥቅል አውርዶ ያስነሣል፤ ፕሮግራሙ ያለ እንከን ይከፈታል። ፎንቱ ግን ከጥቅሉ አይመጣም። አፕኢሜጅም ሆነ ፍላትፓክ የሚያነቡት በማሽኑ ላይ የተጫነውን ፎንት ነው፤ በ2018 የተጫነ ፎንት ደግሞ የ2021ን ፊደል ሊይዝ አይችልም። እዚህ ላይ ሁለቱ ፕሮግራሞች የተለያየ ጠባይ ያሳያሉ። ኢንክስኬፕ የጎደለውን ፊደል ካገኘው ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ አንድ ቃል ከመካከሉ በሌላ እጅ የተጻፈ መስሎ ይወጣል፣ በትንሽ መጠን ሲታይም ማንም ሳያስተውለው ያልፋል። ስክሪበስ ግን አይበደርም፤ ባዶ ሳጥን አስቀምጦ ፒዲኤፍ ከመውጣቱ በፊት በሚያደርገው ምርመራ ፊደሉ እንደጎደለ ይናገራል። ተጠቃሚዎች የስክሪበስን ግትርነት ያማርሩበታል። ለቋንቋ ሥራ ግን ይህ ግትርነት ከኢንክስኬፕ ትሕትና የበለጠ ይረዳል፤ ስሕተት ከማተሚያ ቤት በፊት መታየት አለበትና። መፍትሔው ከባድ አይደለም፦ አዲሱን የአቢሲኒካ ፎንት አውርዶ በተጠቃሚው የግል የፎንት ማኅደር ማስቀመጥ ይበቃል፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድም አይጠይቅም። የጥቅሉ ምክር ግን ይህን እርምጃ አይጠቅስም።

የጥብቀት ምልክቱ ጉዳይ ጥቅሉን የሚያስመሰግን ነው። ምልክቱ ከፊደሉ ራስ ላይ በትክክል እንዲያርፍ ፎንቱ ቦታውን ማመልከት፣ ፕሮግራሙም ያን ምልክት ማንበብ አለበት። የስክሪበስ 1.4 ተከታታይ ይህን ማንበብ አይችልም ነበር፤ ምልክቱ ከፊደሉ ጎን ይወድቃል ወይም ከአናቱ ጋር ይጋጫል። የሃርፍባዝ ላይብረሪ በ1.5.3 ሙከራ እትም ከገባ በኋላ ነገሩ ተለወጠ፤ በ2024 የወጣው 1.6 ደግሞ ይህን ለሁሉም ተጠቃሚ በጸና እትም አደረሰ። የሚጠብቀውን ከሚላላው መለየት ለሚኖርበት የአማርኛ ወይም የትግርኛ መዝገበ ቃላት ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። እዚህም ቢሆን ጥንቃቄ ያሻል፦ ሃርፍባዝ የ2021ን ፊደላት ያወቀው በ3.0 እትሙ ነው። በ2020 የወጣ የኢንክስኬፕ 1.0 ጥቅል «አዲስ» ቢባልም ውስጡ ያለው ላይብረሪ ከፊደላቱ ይቀድማል። የጥቅሉ ስም ላይ ያለው ቁጥር የውስጡን ዕድሜ አይናገርም።

የመጻፊያ ሰሌዳው ነገር ከዚህ ይብሳል። ፊደሉን በላቲን ቁልፎች አማካይነት የሚያስገቡት መሣሪያዎች በማሽኑ ሥርዓት ላይ ይኖራሉ፤ በጥቅል የመጣው ፕሮግራም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነሱ ጋር የሚነጋገርበትን ማገናኛ አይዝም። ስለዚህ ተጠቃሚው በጽሑፍ ማቀናበሪያው ላይ እንደ ልቡ የጻፈውን በጥቅሉ ውስጥ አንድ ፊደል እንኳ መጻፍ ያቅተዋል፣ ከሌላ ቦታ እየገለበጠ መለጠፍ ይጀምራል። እንዲህ ሲሆን የሚቀለው ነገር ጽሑፉን አንድ ጊዜ ለጥፎ ወደ ሥዕል መስመር መቀየር ነው፤ ቅርጹ ያምራል፣ ፎንትም አይፈልግም። ያ ገጽ ግን ከዚያ በኋላ ጽሑፍ አይደለም። አይፈለግበትም፣ አይገለበጥም፣ ወደ ኮርፐስ አይገባም። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የማይግባቡ የፎንት ሥርዓቶች የተዘጋጁ መጻሕፍትን ዛሬ ወደ ጽሑፍ ለመመለስ የሚደክም ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ከኅትመቱ ገጽ በስተጀርባ ያለው ነው። ጥቅሉ የኅትመቱን ፕሮግራም አዲስ ሲያደርግ በዚያው ማሽን ላይ ያሉትን የመተንተኛ መሣሪያዎች ባሉበት ይተዋቸዋል። ከኡቡንቱ 18.04 ጋር የመጣው ፓይተን 3.6 የሚያውቀው ዩኒኮድ 9.0ን ነው፤ 14.0ን ያወቀው ፓይተን 3.11 ነው። በቆየው እትም ላይ ቃልን ከቃል የሚለይ ተራ ፕሮግራም ከ28ቱ ፊደላት አንዱን ሲያገኝ እንደ ፊደል አይቆጥረውም። ቃሉን ከመሐል ይሰብረዋል፣ ፊደሉን ይጥለዋል፣ የቀሩትን ሁለት ስብርባሪዎችም እንደ ሁለት ቃል ይቆጥራቸዋል። የስሕተት መልእክት አይሰጥም። በሰንጠረዡ ላይ የሚወጣው የድግግሞሽ ቁጥር ሙሉ ይመስላል፤ የጎደሉት ደግሞ በአብዛኛው ከንፈራዊና ላንቃዊ ድምፆችን የሚወክሉት፣ ማለትም የጉራጌኛ ድምፀ ልሳን ጥናት የሚቆምባቸው ፊደላት ናቸው። በገጹ ላይ ፊደሉ በትክክል መታየቱ አጥኚውን ያዘናጋዋል፤ ማሽኑ ያነበበውና ዓይን ያየው አንድ ይመስለዋል። የፊደል ተራ ቅደም ተከተልም እንዲሁ ከማሽኑ ጂሊብሲ የሚወሰድ ሲሆን፣ የዚያ ቅደም ተከተል ሠንጠረዥ በ2.28 እትም በስፋት ታርሟል፤ 2.27 ላይ የቆመ ማሽን እርማቱን አላገኘም።

የዚህ ሁሉ ትርጉም ማሽኑን ጣለው ማለት አይደለም። በጥቅል የመጣ ስክሪበስ 1.6፣ በግል ማኅደር የተቀመጠ አዲስ ፎንትና ለብቻው የተጫነ አዲስ ፓይተን አንድ ላይ ሲሆኑ የ2018ን ሥርዓት ለዛሬ ሥራ ያበቁታል፤ ሦስቱም የቆየውን ነገር አይነኩም። ጥቅሉን ብቻ አምጥቶ «ማሽኑ ታድሷል» ማለት ግን ስሕተት ነው። በቡድን ለሚሠሩ ደግሞ አንድ ተጨማሪ እክል አለ፦ በስክሪበስ 1.6 የተቀመጠ ፋይል በ1.4 አይከፈትም። ስለዚህ በጥቅል የሚሠራው አጥኚ ገጹን ለባልደረባው ሲልክ፣ ጽሑፉን በተራ የዩቲኤፍ-8 ፋይል አብሮ መላክና የፎንቱን እትም በፋይሉ መጀመሪያ መጻፍ ይኖርበታል።