የማክሲመስ ልጅ

በነቀምቴ ቪዲዮ ቤቶች በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ለተመለከትነው ለእኛ ለወለጋ ልጆች፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሪድሊ ስኮት «ግላዲያተር» ከሰይፉ ይልቅ በእርሻ ናፍቆቱ የሚታወስ ፊልም ነው። ማክሲመስ የሚመኘው ዝናን ሳይሆን ሚስቱንና ልጁን፥ የስንዴውንም ማሳ ነበር፤ ይህንንም የገበሬ አገር ሰው ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ክፍል በትግል ሜዳው ውሃ ሞልቶ መርከብና ሻርክ ቢያሳየንም፥ ዴንዘል ዋሽንግተንም ተንኮለኛውን ማክሪኑስን አሳምሮ ቢጫወትም፥ በእኔ ግምት አንድ ትልቅ ነገር አበላሽቷል፤ ሉሲየስን የማክሲመስ ልጅ አድርጎታል። በፊተኛው ፊልም ግን ሉሲየስና የተገደለው የማክሲመስ ልጅ እኩዮች መሆናቸው በግልጽ ተነግሯል። በዚህ ሒሳብ እንግዲህ ያ ታማኝ ባል ምን ሊባል ነው? ደግሞስ ሕፃኑ ሉሲየስ ጀግናውን የወደደው በሥራው እንጂ በደሙ አልነበረም።