«ቅሪተ አካል» ስለሚለው ስያሜና ስለ አጠቃቀሙ
ከደቡብ ጎንደር ደጋ አንጻር የቀረበ ሂስ

የአንድ ስያሜ መልካምነት የሚፈተነው በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ሲነበብ ብቻ አይደለም፤ ነገሩን በእጁ የያዘ ሰው በስሙ ሊጠራው ሲሞክርም ጭምር ነው። በመማሪያ መጻሕፍት፣ በጋዜጣና በሬዲዮ ትርጉሞች ሥር ሰዶ የሚገኘውን «ቅሪተ አካል» የተባለውን ስያሜ በዚህ መመዘኛ ልንመረምረው አስበናል። የምርመራችን ስፍራ ደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ እንዲሆን ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ቅሪተ አካል በአማርኛ የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ የሚያተኩረው በአፋር ቆላ ላይ ነው፤ በዚያም ፈላጊው በአመዛኙ የሠለጠነ ባለሙያ፣ ተፈላጊውም አጥንት ነው። በደጋው ግን አግኚው አራሽ፣ እረኛ፣ ድንጋይ ፈላጭ ወይም የሳይንስ መምህር ነው፤ የሚያነሣውም ነገር ብዙውን ጊዜ አጥንት አይደለም። ስያሜው ለመጀመሪያው ልክ ተሰፍቶ ለሁለተኛው እንደጠበበ ከዚህ በታች እናሳያለን።

አስቀድሞ የስያሜውን በጎ ጎን መናገር ተገቢ ነው። «ፎሲል» የሚለው ቃል የተገኘበት የላቲን ቃል ፍቺው «ተቆፍሮ የወጣ» ማለት ነው። አግሪኮላ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ስም የጠራቸው ነገሮች በአመዛኙ ማዕድናትና የከበሩ ድንጋዮች ነበሩ። ቃሉ ዛሬ የያዘውን ፍቺ ያገኘው ቀስ በቀስ እየጠበበ ሄዶ ነው። የአማርኛው ስያሜ ግን የነገሩን አወጣጥ ትቶ ባሕርዩን ይናገራል፤ በግእዝ ዘርፍ አያያዝ የተሠራ ስለሆነም ለጆሮ አይጎረብጥም፤ ተማሪም ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። እንግዲህ ሂሳችን ስያሜውን ለመንቀል ሳይሆን ድንበሩን ለማስተካከል መሆኑ ይታወቅልን።

የመጀመሪያው ጉድለት ከ«አካል» የሚመነጭ ነው። በጥንት ጭቃ ላይ የታተመ የእንስሳ ኮቴ ከአካሉ የቀረ ነገር አይደለም፤ የአካሉ ሥራ ነው። በደቃቅ ደለል ላይ መልኩን ትቶ የጠፋ ቅጠልም እንዲሁ አካሉ ፈጽሞ ሳይኖር ቅርጹ ብቻ ሊገኝ ይችላል። ሳይንሱ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጥላ ሥር ያስቀምጣቸዋል፤ የእኛ ስያሜ በፊደሉ ከተተረጎመ ግን ግማሾቹን ከደጅ ያስቀራል። በዚያ ላይ «አካል» ብዙ ሸክም ያለበት ቃል ነው። በነገረ መለኮት «ሦስት አካል» ይባላል፤ በአስተዳደር ቋንቋም «የሚመለከተው አካል» ይባላል። አንባቢ ስያሜውን ሲሰማ ወደ አእምሮው ቀድሞ የሚመጣው ሥጋና አጥንት ያለው ፍጡር ነው እንጂ ቅጠል ወይም ዱካ አይደለም።

ይህን ጥበት የባሰ ያደረገው ተርጓሚዎች «ቅሪተ አካል»ን እና «አጽም»ን እያቀያየሩ መጠቀማቸው ነው። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የአጽሟ 40 በመቶ ያህል ስለተገኘ «አጽም» ብትባል ያስኬዳል። አንድ መንጋጋ ወይም ሁለት ጥርስ ሲገኝ «አጽም ተገኘ» ተብሎ ሲተረጎም ግን አንባቢው ሙሉ ሰውነት ያለ ይመስለዋል። ከብዙ ቁጥሩም ላይ ተመሳሳይ ችግር አለ። «ቅሪተ አካላት» ስንል የብዙ ቁጥሩ ምልክት የሚያርፈው በ«አካል» ላይ ስለሆነ የአካሎቹ ብዛት የተነገረ ይመስላል። በ1968 ዓ.ም. በዚያው በሐዳር ከአንድ ስፍራ ከ200 የሚበልጡ ስብርባሪዎች ተለቅመዋል፤ የግለሰቦቹ ብዛት ግን ቢያንስ 13 ተብሎ ነው የተገመተው። «ከ200 በላይ ቅሪተ አካላት» የሚለውን አረፍተ ነገር አንባቢ «ከ200 በላይ ሰዎች» ብሎ ቢረዳው ጥፋቱ የአንባቢው አይደለም። አነጋገሩ ከ«ቤተ ክርስቲያናት» ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነና ስለተለመደ እንዲቀር አንልም፤ ነገር ግን የተቆጠረው ግኝት ይሁን ግለሰብ ተርጓሚው በግልጽ መናገር አለበት።

አሁን ወደ ደጋው እንመለስ። የደቡብ ጎንደር ከፍተኛ ምድር በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ዐለት የተሸፈነ ነው፤ የጉና ተራራ ራሱ በዚያ ላይ ቆይቶ የተነሣ፣ ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው እሳተ ገሞራ ነው። በቀለጠ ዐለት ውስጥ አጥንት አይቆይም። ቅሪት የሚጠበቀው በአንዱ ፍሳሽና በሚቀጥለው መካከል ባለው ዕረፍት ሐይቅ ወይም ወንዝ ባስቀመጠው ደለልና ከሰማይ በወረደው አመድ ውስጥ ነው። እንዲህ ባለ ንብርብር ውስጥ የቅጠል አሻራ፣ ድንጋይ የሆነ እንጨት፣ ጥቂት ከሰል፣ አልፎ አልፎም አጥንትና ጥርስ ሊገኝ ይችላል። ለዚህም ዋናው ምስክር ከጣና ሐይቅ ማዶ ያለው ጭልጋ ነው። በዚያ ከድንጋይ ከሰሉና ከአመዱ ጋር የዘንባባ ወገን የሆኑ ዕፀዋት ቅሪትና 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዝሆን ዘመዶች ተገኝተዋል፤ የእንስሳቱ ዜና እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም ተሰምቷል። በጣና ተፋሰስ የጎንደር፣ የደንገል በርና የደብረ ታቦር ስምጦች እንደሚገናኙ የሥነ ምድር ጥናት ስላሳየ በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር ድንጋይ የሚያገላብጥ ሰው ተስፋው ከንቱ አይደለም። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በዓባይ ሸለቆ የሚታየውን የባሕር ቀንድ አውጣ ግን በጉና ራስ ላይ ሊፈልግ አይገባውም፤ ያ የኖራ ድንጋይ ከዚህ ሁሉ ፍሳሽ በታች የተቀበረና እጅግ የቆየ ነውና።

የደጋው አግኚ በእርግጥ የሚያነሣው ምንድን ነው? ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ሕይወት ያልነበረው፣ ሕይወት ያለው የሚመስል ነገር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ጥቁሩ ድንጋይ አየርና ውኃ ሲበላው እንደ ሽንኩርት እየተላጠ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል፤ ያየው ሁሉ «እንቁላል ነው» ይላል። በድንጋይ ስንጥቅ ላይ የማንጋኒዝ ውሕድ ሲረጋ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዘረጋል፤ «ቅጠል ነው» ይባላል። በቀለጠው ዐለት ውስጥ የጋዝ አረፋ የተወውን ጎድጓዳ ነጭ ማዕድን ሲሞላው «ጥርስ ነው» ይባላል። እነዚህን በአማርኛ ምን እንበላቸው? አንዳንድ ተርጓሚ «ሐሳዊ ቅሪተ አካል» ወይም «አስመሳይ ቅሪተ አካል» ሊል ይችላል። ሁለቱም አይስማሙንም። «ሐሳዊ» የሐሰት መሲሕን ያስታውሳል፤ «አስመሳይ»ም የማታለል ሐሳብ ላለው የሚነገር ነው። ድንጋይ አይዋሽም፤ የተሳሳተው ተመልካቹ ነው። «ሰው መሰል» በሚለው የተለመደ አሠራር «ቅሪት መሰል» ብንል ግን ነገሩ ሳይወቀስ በልኩ ይጠራል። ስያሜው ለመምህሩም ይጠቅመዋል፤ ተማሪው ያመጣለትን ድንጋይ «ውሸት ነው» ብሎ ከመጣል ይልቅ «ቅሪት መሰል ነው» ብሎ ምክንያቱን ሊያስረዳው ይችላል። ቅጠል ጅማት አለው፤ በስንጥቅ ላይ የረጋው ማዕድን የለውም። እንጨት ድንጋይ ቢሆንም ጭረቱ ሲሰበር ይታያል፤ ተራው ድንጋይ አያሳይም።

ሁለተኛው ጉድለት ከግሦቹ ነው። ግኝትን በሚመለከቱ ትርጉሞች ውስጥ «ማግኘት»፣ «መለየት»፣ «መመደብ»ና «መሰየም» እንደ አንድ ሥራ ተደባልቀው ይነገራሉ። አራቱ የተለያዩ ናቸው። ማግኘት የዓይን ሥራ ነው። መለየት የተገኘው ነገር የጥርስ ወይም የእንጨት፣ የቅሪት ወይም የቅሪት መሰል መሆኑን ማወቅ ነው። መመደብ በአስተኔ፣ በወገንና በዝርያ ደረጃ ቦታውን መስጠት ነው። መሰየም ደግሞ አዲስ ለሆነው ብቻ የሚደረግ፣ የራሱ ሕግ ያለው ሥራ ነው። «ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ አገኙ» የሚለው አረፍተ ነገር አራቱን አንድ ሲያደርግ የሚጠፋው አግኚው ነው። በ2008 ዓ.ም. በወራንሶ ሚሌ የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱን የራስ ቅል የላይኛ መንጋጋ መጀመሪያ ያየው የአካባቢው ተወላጅ የሆነ የአፋር ሰው ነበር፤ ዜናው በ2011 ዓ.ም. ሲነገር በብዙ ጽሑፎች ውስጥ «ተገኘ» የሚለው ተደራጊ ግሥ ብቻ ቀረ። በኤርትራ ዶጋሊ አካባቢ የተገኘው የዝሆን ዘመድ ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሰየም የዝርያ ስሙ ያገኘው ገበሬ ስም ሆኗል። ሳይንሱ ራሱ ለአግኚው ክብር ሲሰጥ ትርጉማችን ሊነፍገው አይገባም።

ሦስተኛው ጉድለት የስሞች አጻጻፍ ነው። ከላይ በጠቀስነው በጭልጋ ከተገኙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2004 በቦታው ስም ተሰይሟል፤ ሳይንሳዊ ስሙ «ቺልጋቴሪየም» ሲሆን «ቴሪየም» በግሪክኛ አውሬ ማለት ነው። በላቲን ፊደል «ጭ» የሚጻፍበት መንገድ ስለሌለ ስሙ ላልቶ ቢቀር አያስደንቅም፤ ሳይንሳዊ ስሙም በዓለም አቀፉ አነጋገር ቢጻፍ አንቃወምም። የምንቃወመው አገራችን ያለውን ቦታ ሳይቀር ከባዕድ ጽሑፍ ገልብጦ «ቺልጋ» ማለትን ነው። የጭልጋ ሰው የገዛ አገሩን ስም በባዕድ ጆሮ ተጣሞ ሲመለስለት ዜናው የእርሱ እንደሆነ በምን ያውቃል? ተርጓሚ «ቺልጋቴሪየም፣ ማለትም የጭልጋ አውሬ» ቢል ሁለቱም ይጠበቃሉ። እንዲሁም «ራሚዱስ» የሚለው የዝርያ ስም ከአፋርኛ የተወሰደና «ሥር» ማለት እንደሆነ መናገር የተርጓሚው ፋንታ ነው፤ የጎረቤት ቋንቋን ቃል በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ መቀበል አያስመሰግንም።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ቅርስን ሲተረጉምም የተፈጥሮን ሂደት የሚመሰክረውን ይጨምራል። ታዲያ በፋርጣ ወይም በእስቴ ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው ቅጠል የታተመበት ድንጋይ ቢያገኝ ግዴታ እንዳለበት የሚያውቀው ስሙን ካወቀ ብቻ ነው። «ቅሪተ አካል» አጥንት ብቻ መስሎ ከተሰማው ድንጋዩን ለግንብ ይጠርበዋል። ወይም በበጎ ፈቃድ አንሥቶ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፤ ይህም ሌላው ጥፋት ነው። የቅሪት ዕድሜ የሚታወቀው በአመዛኙ ከላዩና ከታቹ ባለው አመድና ዐለት ስለሆነ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ዕድሜውን አጥቶ ይቀራል። በአንጻሩ በጋፋት አካባቢ ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመድፍ ሥራ የቀረ የብረት ስባሪ የሚያገኝ ሰው በእጁ የያዘው ቅርስ ነው፤ ቅሪተ አካል ግን አይደለም። የመዝገበ ቃላት ፍቺ ይህን ልዩነት ካልተናገረ ሌላ ማን ይናገረዋል?

«ቅሪተ ሕይወት» የሚል አዲስ ጥላ ስያሜ ብንፈጥር የመጀመሪያው ጉድለት ይወገዳል የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል። በእርግጥ ስያሜው ከነባሩ ይሰፋል። ይሁን እንጂ ትውልድ የተማረበትን ቃል ነቅሎ ሌላ መትከል ለጥቂት ዓመታት ሁለት ስያሜ ጎን ለጎን እንዲሄዱ ያደርጋል፤ ተራው አንባቢም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። ስለዚህ በበኩላችን የምናቀርበው የሚከተለውን ነው። «ቅሪተ አካል» ጥላ ስያሜ ሆኖ ይቆይ፤ ፍቺው ግን «በጥንት ዘመን የኖረ እንስሳ ወይም ዕፅ በምድር ንብርብር ውስጥ የተወው አካል፣ አሻራ ወይም ዱካ» ተብሎ ይስፋ። በሥሩም «አሻራ» ለቅጠልና ለመሳሰለው ቅርጽ፣ «ዱካ» ለእግር ምልክት፣ «ድንጋይ የሆነ እንጨት» ለዕፀዋት፣ «አጽም» ለተያያዘ የአጥንት ስብስብ ብቻ ይመደቡ። «ቅሪት መሰል» ለብቻው ይግባ። አራቱ ግሦችም እያንዳንዳቸው በየፍቺያቸው ይጻፉ።

ከዚህ ጋር ቃል ለቃሚዎች ወደ ደጋው ወርደው የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። የአገሬው ሰው ኮረትን ከባልጩት፣ ጭንጫን ከቋጥኝ አሳምሮ ይለያል፤ በድንጋይ ውስጥ የሚያየውን የቅጠል መልክ ምን ብሎ እንደሚጠራው ከአፉ ሊሰማ ይገባል። በእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ሳይንስ ስም ሳያወጣላቸው በፊት ሕዝቡ «የእባብ ድንጋይ»፣ «የሰይጣን ጥፍር» እያለ የጠራቸው ቅሪተ አካላት ነበሩ፤ ስሞቹ ፍቺያቸው የተሳሳተ ቢሆንም ነገሩን ከሌላው ድንጋይ ስለለዩት ለሳይንሱ በር ከፍተዋል። በእኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ስም ከተገኘ ከምናበጀው ስያሜ ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው እርሱ ነው።