ቁስሉን ያሳየን፣ ወጊውን ያስረሳን ፊልም

«ገርል» (ልጃገረድ) የተሰኘው የቤልጅየም ፊልም በ2018 (እ.ኤ.አ.) በካን ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ሥራ የሚሰጠውን «ወርቃማ ካሜራ» አግኝቷል። መሪ ተዋናዩ ቪክቶር ፖልስተርም በትወናው ተሸልሟል። በሽልማቱ ቅር አልተሰኘሁም፤ ዳይሬክተሩ ሉካስ ዶንት ሙያውን ያውቃል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ፊልሙ የአንዲትን ልጅ ቁስል ሲያሳየን ወጊውን የት አደረሰው?

ታሪኩ የ15 ዓመቷ የላራ ነው። ስትወለድ ወንድ ተብላ ተመዝግባለች፤ እሷ ግን ራሷን የምታውቀው ሴት ብላ ነው። ምኞቷ የባሌት ዳንሰኛ መሆን ነው። አባቷ አላባረራትም፤ እንዲያውም ሐኪም ቤት ይዟት ይመላለሳል። ሐኪሞቹም ደጎች ናቸው። ሆኖም ላራ እያደር ትከሳለች፤ አባቷ ሲጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች፤ በመጨረሻ በገዛ እጇ ሰውነቷን ክፉኛ ትጎዳለች።

ለምን? የፊልሙ መልስ ያለው በካሜራው ዓይን ውስጥ ነው። ካሜራው ከላራ ገላ አይነቀልም፤ መስታወት፣ የደማ የእግር ጣት፣ ደግሞ መስታወት። ይህን ሁሉ አይቶ የወጣ ተመልካች «ሕመሟ ከገላዋ ነው» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም።

ሌላው መልስ ግን እዚያው ፊልም ውስጥ ተቀብሯል። አንድ ቀን መምህሯ ላራን ዓይኗን ጨፍኚ ይሏትና፣ ከእነሱ ጋር ልብስ መቀየሯ ቅር የሚላት ተማሪ ካለች እጇን እንድታወጣ ይጠይቃሉ። ሌላ ቀን ደግሞ የክፍል ጓደኞቿ ገላዋን ገልጣ እንድታሳያቸው ያስገድዷታል። ለእኔ የፊልሙ ልብ እነዚህ ሁለት ትዕይንቶች ናቸው።

ተመራማሪው ኢላን ማየር በ1995 እና በ2003 ባሳተሟቸው ጽሑፎች ይህን ዓይነቱን ነገር «የአናሳነት ጫና» ብለው ተንትነውታል። አናሳ ወገን ሁሉም ሰው ከሚሸከመው የኑሮ ጭንቀት በላይ ሌላ ሸክም አለበት፦ መገለል፣ ነገም ይደርስብኛል የሚል ሥጋት፣ ራስን መደበቅ፣ በመጨረሻም የሌላውን ጥላቻ የራስ አድርጎ መቀበል። የማየር ጥናት ተመሳሳይ ጾታ በሚያፈቅሩ ሰዎች ላይ ነበር፤ ሌሎች በኋላ ለትራንስጀንደር ሰዎች አዋሉት። በ2018 ታትሞ የወጣ፣ በአሜሪካ 129 ትራንስጀንደር ወጣቶችን የጠየቀ ጥናት ደግሞ፣ በመረጡት ስም የሚጠሩበት ቦታ በበዛ ቁጥር ድብርታቸውና ራስን የማጥፋት ሐሳባቸው አንሶ መገኘቱን ያሳያል። ስም ገላን አይለውጥም። ሕመሙ ከገላ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስም ምን ይፈይድ ነበር?

ፊልሙ መነሻ ያደረገው የቤልጅየማዊቷን ዳንሰኛ የኖራ ሞንሰኩርን ሕይወት ነው። ትራንስጀንደር የሆኑ ሐያስያን ፊልሙን አጥብቀው ሲነቅፉ እሷ ተከራክራለታለች። ስለ ገዛ ሕይወቷ የመሰከረችውን ልሽር አልችልም፤ ከገላ ጋር መጣላትም እውነተኛ ሥቃይ ነው። የሥቃዩ እውነትነት ግን ዳይሬክተሩ የመረጠውን አጨራረስ ከትችት አያድነውም።

ላራ ከጉዳቱ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ትነቃለች፤ ቀጥሎ ፀጉሯን አሳጥራ በልበ ሙሉነት ስትራመድ እናያታለን። ቅደም ተከተሉ ጉዳቱ የነፃነት በር የከፈተላት ያስመስላል። መምህሩም ጓደኞቿም ከታሪኩ ወጥተዋል፤ የሚጠየቅ የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን፤ እዚህ ግን ወጊውን ያስረሳን ተራኪው ነው። በዚያው ጭንቅ ውስጥ ያለች ልጅ ፊልሙን ብታየው የምትሰማው ምንድን ነው? መዳን ራስን በመጉዳት እንደሚመጣ። ይህ ሐሰት ነው፤ ሰው የሚያጠፋ ሐሰት።

የሚገርመው፣ ፊልሙ በወጣበት በዚያው ዓመት መጀመሪያ በቤልጅየም ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና የተመዘገበበትን ጾታ እንዲያስለውጥ የሚፈቅድ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ ዓይኑን ከገላ ላይ አነሣ፤ ካሜራው እዚያው ቀረ። እጅ እንዲያወጡ በተጠየቁት ልጆች ፊት ላይ፣ በጠያቂው መምህር ፊት ላይ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ፣ ላራን ምን እንዳሳመማት ይበልጥ እናውቅ ነበር።