«እሱማ ከልጅነቱ ነው»

ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንድ ወገን መዛል፤ የአንጎል መግል ምልክቶች ተብለው ተማሪ ሳለን የሸመደድናቸው ሦስቱ ናቸው። ሦስቱ አብረው የሚገኙት ግን ከአምስት ታካሚ በአንዱ ገደማ ነው። ትኩሳት ብቻውን እንኳ በግማሽ ያህሉ ላይ አይታይም። ስለዚህ የሙቀት ሰንጠረዡ ደህና መምሰሉ እኔን አያረጋጋኝም። የሚያስጠረጥረኝ ከቀን ወደ ቀን የሚብስና ማስመለስ የተጨመረበት ራስ ምታት፣ ወይም የሚጥል ሕመም ኖሮት የማያውቅ ሰው ድንገተኛ መንቀጥቀጥ ነው።

ቀጥሎ የማስበው መግሉ ከየት እንደመጣ ነው። አስታማሚዋን «ሌላ ሕመም አለበት?» ካልኳቸው «ምንም የለበትም» ይላሉ። «እናቴ፣ ጆሮው ይመግላል?» ስል ግን «እሱማ ከልጅነቱ ነው፣ ልጄ» የሚል መልስ አገኛለሁ። ለዓመታት የሚፈስና የሚሸት ጆሮ በብዙ ቤት ከበሽታ አይቆጠርም። ከዚያ ተነሥቶ አጥንት በልቶ ወደ ላይ የሚዘልቅ ኢንፌክሽን ማረፊያው የታወቀ ነው፤ ከጆሮ በላይ ያለው የአንጎል ክፍል ወይም ትንሹ አንጎል። የሳይነስ መግል ከግንባር ጀርባ ያለውን ክፍል ይይዛል። ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ልቡ ላይ ችግር ይዞ የተወለደ ልጅ ደግሞ ደሙ በሳንባ ሳይጣራ ወደ አንጎል ስለሚያልፍ አደጋው የበረታ ነው።

መግሉ የት እንዳለ ቀድሞ በመለየት የግላስጎውን ቀዶ ሐኪም ዊልያም ማኪዌንን የሚደርስበት የለም። እ.ኤ.አ. በ1876፣ ራጅ እንኳ ሳይኖር፣ የአንድ ልጅ መግል በግራ የፊተኛው አንጎል ውስጥ መሆኑን ተናገረ። ቤተሰቡ ቀዶ ሕክምናውን አልፈቀደም፤ ልጁ ከሞተ በኋላ ሲታይ መግሉ እዚያው ተገኘ። በ1893 ባሳተመው መጽሐፍ እንደዘገበው ደግሞ ቀዶ ሕክምና ካደረገላቸው 19 የአንጎል መግል ሕሙማን 18ቱ ድነዋል፤ ያውም ያለ አንቲባዮቲክ።

አንድ ነገር ላይ ግትር ነኝ። «ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል» ተብሎ የጀርባ ፈሳሽ ለመቅዳት ሲጣደፉ፣ እጁ የዛለ፣ የደነዘዘ ወይም የዓይኑ ነርቭ ያበጠ ታካሚ ከሆነ መርፌውን አስቆማለሁ። ፈሳሹ ከታች ሲቀንስ ያበጠው አንጎል ወደ ታች ተንሸራቶ የመተንፈሻውን ማዕከል ሊጫን ይችላል፤ የመግሉ ተሕዋስም ብዙ ጊዜ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ አይገኝም። ሲቲ ስካን ይቅደም። መድኃኒቱ ግን ሲቲ ስካን አይጠብቅም፤ ደም ለካልቸር ተቀድቶ ወዲያው ይጀመራል።

ምስሉ ሲመጣም አንጎል ውስጥ ቀለበት መሰል ነገር አይቶ «መግል» ብሎ መፈረም የለም። በእኛ አገር ያ ቀለበት ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ኤችአይቪ ባለበት ሰው ቶክሶፕላዝማ፤ አንዳንዴ የኮሶ ትል እጭ፤ አንዳንዴም ዕጢ። ኤምአርአይ ከተገኘ ይረዳል፤ ወፍራም መግል የውሃን እንቅስቃሴ ስለሚገታ በአንደኛው የምስል ዓይነት መሃሉ ያበራል፣ የዕጢ መሃል ግን ብዙውን ጊዜ አያበራም። የባክቴሪያውን ስም የሚያወጣው ከውስጡ የተቀዳው መግል ነው። በጥጥ ተነክቶ ከሰዓታት በኋላ ላቦራቶሪ የሚደርስ ናሙና ያናድደኛል፤ ኦክስጅን የማይስማማቸው ባክቴሪያዎች መንገድ ላይ ያልቃሉ። በመርፌው እንዳለ፣ አየሩ ወጥቶ፣ ቶሎ ይድረስ፤ የቲቢ ምርመራም አብሮ ይታዘዝ። «ምንም አልበቀለም» የሚል ወረቀት ቢመጣም ጆሮው ለሚሸት ታካሚ እነዚህኑ ባክቴሪያዎች የሚገድለውን ሜትሮኒዳዞል አላቋርጥም፤ የጆሮ ሐኪምም ሳያየው ወደ ቤቱ አልሸኘውም።