የማነር ቍጥርና የእንግሊዝ ባለርስቶች ክርክር

በ1642 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊና በእንግሊዝ ፓርላማ መካከል የተነሣው ጦርነት ምክንያቱ ምን እንደ ነበረ ሊቃውንቱን ብዙ አከራክሯል። አር. ኤች. ቶኒ በ1941 ባወጡት ጽሑፍ መልሱን ከመሬት ይዞታ ፈለጉ። በእርሳቸው አስተያየት ከ1558 እስከ 1640 ድረስ የመሳፍንቱ ሀብት ሲመነምን፥ ከመሳፍንት በታች ከገበሬ በላይ የሆነው ጄንትሪ የተባለው የባለርስት ወገን መሬቱን በዘዴ እያለማ ከፍ አለ፤ ሥልጣንም ሀብትን ተከተለ። ሎረንስ ስቶንም በ1948 መሳፍንቱ በዕዳ ተይዘው ነበር በማለት ይህን ሐሳብ ደገፉ።

ሂዩ ትሬቨር ሮፐር ግን በ1951 የስቶንን ስሌት ነቀፉ፤ በ1953ም ነገሩን ገለበጡት። እንደ እርሳቸው አባባል የበለጸገው በቤተ መንግሥት ሹመት፥ በሕግ ሙያ ወይም በንግድ ገንዘብ ያገኘው ነው፤ በመሬቱ ብቻ የሚኖረው ባለርስት ግን ደኽይቶ ነበር፤ ያመፀውም እርሱ ነው።

ሁለቱም ወገኖች አንድ ድካም ይጋራሉ፤ ይኸውም የሀብትን መውጣትና መውረድ ካሳዩ የጦርነቱን ምክንያት ያሳዩ መስሏቸዋል። ቶኒ ማስረጃ ያደረጉት የማነርን ቍጥር ነው። ጄ. ፒ. ኩፐር በ1956 እንዳመለከቱት ግን ማነር መለኪያ አይሆንም፤ አንዱ ሰፊ፥ ሌላው ጠባብ ነውና። ዐሥር ትንንሽ ማነር ሸጦ አንድ ትልቅ የገዛ ሰው በዚህ ቍጥር እንደ ደኸየ ይታያል። የትሬቨር ሮፐርም ድኻ ባለርስት ቢሆን ጦርነቱን አያስረዳም፤ ብራንተንና ፔኒንግተን በ1954 የፓርላማውን አባሎች መርምረው፥ የንጉሡም የፓርላማውም ደጋፊዎች በትውልድና በሀብት ብዙ እንዳልተለያዩ አሳይተዋልና።

ለአማርኛ አንባቢም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማነርን «ጉልት» ብሎ መተርጐም ይቀላል። ነገር ግን ጉልት በመሠረቱ ሌላው ርስቴ ከሚለው መሬት ግብር የመቀበል መብት ነው፤ የማነር ጌታ ግን ከጭሰኛው ከሚያገኘው ኪራይና ከችሎቱ በላይ የራሱ የሆነ እርሻ ሊኖረው ይችላል። ቃሉ ካልተለየ ንጽጽሩ ይሳሳታል።

ይሁን እንጂ ክርክሩ ከንቱ አልቀረም። ስቶን በ1965 ባሳተሙት ሰፊ መጽሐፍ ከገቢ ሌላ የመሳፍንቱን የጦር ኀይል፥ ክብርና የቤተ ሰብ ሥርዐት ጭምር መርምረዋል። እዚህ ያደረሳቸው በብዙው የተቃዋሚዎቻቸው ነቀፋ ነው። የጦርነቱ ምክንያት ግን ከርስት መዝገብ ብቻ አይገኝም፤ አንድ ዐይነት ሀብት ያላቸው ጎረቤቶች ስለ ምን በሁለት ሰፈር እንደ ተሰለፉ ለማወቅ ሃይማኖታቸውን፥ ስለ ሕግ ያላቸውን አሳብና የአውራጃቸውን ጠብ መመርመር ግድ ነው።