«አንበሳ አይመስልም»

አዲስ አበባ ለገሃር አካባቢ ንድፍ ለሚለማመድ ሰው ሁለት አንበሶች ተራርቀው አይገኙም። አንደኛው በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የቆመው የነሐስ አንበሳ ነው። የእንስሳት ቀራፂው ፈረንሳዊ ዦርዥ ጋርዴ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1930፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተተከለ። ጣሊያን ወደ ሮም ወስዶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመለሰ። ሁለተኛው ሽቅብ ወጣ ብሎ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው፣ ሞሪስ ካልካ እ.ኤ.አ. በ1955 የሠራው የድንጋይ አንበሳ ነው። የጋርዴው ጋማና ጡንቻ ከሕይወት የተቀዳ ነው። ካልካ ግን ድንጋዩን ድንጋይ አድርጎ ትቶታል፤ አንበሳውን በጠርዝና በጥላ ነው የነገረን።

ወጣቶች ሁለቱንም ነድፈው በቴሌግራም ግሩፖች ይለጥፋሉ። ለጋርዴው አንበሳ «እጅህ ይባረክ»፣ «በርታ» እና የእሳት ምልክት ይዘንባል። ለካልካው ደግሞ «አንበሳ አይመስልም» ይባላል። በእኔ ግምት ሁለቱም ሒስ አይደሉም። መራቂው ሥዕሉን አላየውም። ነቃፊው ደግሞ ካልካን በጋርዴ መስፈሪያ ሰፈረው። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን ለአዲስ አበባ ሲያሳይም ተመሳሳይ ወቀሳ ደርሶበታል፤ «ኢትዮጵያዊ አይደለም» ተባለ።

መታረም ለባህላችን እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ሲያሰናዳ የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱ ያልመታበት፣ ሰሙ ከወርቁ ያልገጠመበት ቦታ ላይ ያስቆመዋል። ቦታው ላይ ማስቆሙ ነው ትምህርቱ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ መምህሩ ተማሪውን ያውቀዋል፤ ነገም ያገኘዋል። ስልክ ላይ ግን የሚያርመው ሰው የሚታረመውን ሰው ዕድሜም ሆነ ድካም አያውቅም። ሲያውቀው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር ነውና ታናሽ ስህተቱን እያየ ዝም ይላል።

አንዲት ልጅ ይህን እንዴት እንዳለፈችው ልንገራችሁ። አንድ አንጋፋ ሠዓሊ የጣቢያውን አንበሳ ለጥፈው ነበር። «ጋሼ፣ ካልከፋዎት አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ብርሃኑ በየት በኩል ነው የመጣው?» አለች። «ከግራ፣ ልጄ» አሉ። «የመደቡ ጥላም ወደ ግራ ስለወደቀብኝ ነው» አለቻቸው። ሰውየው ሳቁ፤ ጥላውንም አስተካክለው መልሰው ለጠፉት። ከዚያ ወዲህ እኔም ሒሴን በጥያቄ እጀምራለሁ።

ተቀባዩም ሥራ አለበት። አንድ ወጣት የአንበሳውን ንድፍ ለጥፎ «እግሮቹን እዩልኝ» ሲል፣ አንዱ እግሩን አስረዝመው፣ ሌላው ጥላውን አጥቁረው፣ ሦስተኛው መደቡን ቁረጠው አሉት። ሁሉንም ሞከረ፤ አንዱም አልሠራም። ስህተቱ የተመልካቹ ዓይን ከፍታ ላይ ነበር። ልጁ ከሐውልቱ ሥር ቆሞ አንበሳውን ከታች ወደ ላይ እያየ ሲነድፍ፣ የመደቡን የላይኛውን ገጽ ደግሞ ከላይ እንደሚያይ ሰው አሳይቶታል። ከዓይን በላይ የሆነ መደብ ላዩ አይታይም። ያን ገጽ ሲያጠፋው እግሮቹ ሳይነኩ ቆሙ። ሦስቱ አስተያየት ሰጪዎች መድኃኒቱን ቢስቱም፣ ሕመሙ እግሩ አካባቢ መሆኑን ግን አልሳቱም። ስለዚህ ሦስት ሰው አንድ ቦታ ከጠቆመ ቦታውን እመኑ፤ ማስተካከያውን ግን እዚያው ለገሃር ሄዳችሁ ሐውልቱን እያያችሁ ፈልጉ።

ሥራችሁን ለመለጠፍ ፎቶ ስታነሱም አትቸኩሉ። በአምፖል ብርሃን የተነሳ ሥዕል ቢጫ ይሆናል፤ በጎን የተነሳ ንድፍ ይንጋደዳል። ከዚያ በኋላ ሰዉ የሚነቅፈው ስልካችሁን ነው። በቀን ብርሃን፣ ጥላ ቦታ ላይ፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ አንሱት።

እናንተ አስተያየት ሰጪዎችም፣ ዛሬ ማታ አንድ ንድፍ ቢለጠፍላችሁ «እጅህ ይባረክ» ከማለታችሁ በፊት ልጁ ምን እንደጠየቀ አንብቡ። ምንም ካልጠየቀ ምን ፈልጎ እንደሠራው ጠይቁት፤ ከዚያም ቢያንስ አንድ ቦታ ጠቁሙት።