የተሰበረ አሞሌና የተገለበጠ ቴምብር

የሰቆጣ ገበያ የታወቀ ደንብ ነበረው። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ዋግ የደረሰ አሞሌ ጫፉ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። ገዥው አገላብጦ ያየዋል፣ በጣቱ ይዳስሰዋል፤ ጎዶሎ ካገኘበት ወይ ይቀንስለታል ወይ ለወጥ ይሁንህ ብሎ ይመልስለታል። ማርትሬዛም ብትሆን ከዚህ ፍርድ አታመልጥም ነበር። የንግሥቲቱ ዕንቁ የተፋቀ፣ የትከሻዋ ጌጥ የደበዘዘ እንደሆነ ብሯ አትያዝም። እንግዲህ ጥቃቅን ምልክት በማንበብ በኩል የዋግን ሰው ማንም አያስተምረውም። እሱ ግን የሚያነበው ጉድለት ያለበትን ለመጣል ነው።

ሌላ ገበያ አለ፤ በዚያ ገበያ የተሸረፈው ከሙሉው ይበልጣል። ይኸውም የቴምብር ሰብሳቢዎች ገበያ ነው። መካከለኛው ሥዕል የተገለበጠበት፣ ጥርሱ ሳይበሳ የቀረ፣ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ የተመታበት ቴምብር ደኅና ሆኖ ከወጣው ወንድሙ እጅግ በላቀ ዋጋ ይሸጣል። ታዲያ ይህ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምኑ ነው? የሚል ይኖራል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ «ስሕተት ዋጋ የሚኖረው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ የቴምብር ሰብሳቢ ብቻ ሳይሆን የኛም ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ከገዛ ቴምብሮቻችን እንነሣ። በአፄ ምኒልክ ዘመን የወጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው በ1887 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋሉ። ቀራጩ ፈረንሳዊው ዩጂን ሙሾን ነበር። ሰባት ዓይነት ናቸው፤ በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ አለ። ትልቁ 16 ግርሽ ነው፤ ይህም አንድ ሙሉ ጠገራ ብር ማለት ነው። ሥራቸው ንጹሕ ነው። ጥርሳቸውን ቢቆጥሩት በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ በአግድም 14፣ በቁም 13 ተኩል ይሆናል። እንዲህ ያለ ሥራ ይደነቃል እንጂ ብዙ አያነጋግርም።

ማነጋገር የጀመሩት የሰው እጅ ሲነካቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 በነዚሁ ቴምብሮች ላይ የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ በእጅ ማኅተም ተመታባቸው። በ1902 «ቦስጣ» የሚል ቃል መጣ፤ በ1903 ደግሞ «መልክት» የሚል። እስቲ ይህን እንደ ጽሑፍ እናንብበው። አንድ ቋንቋ አዲስ ነገር ገጥሞት ስም ሲፈልግ ይታያል፦ መጀመሪያ የባዕድ ፊደል፣ ቀጥሎ በኛ ፊደል የተጻፈ የባዕድ ቃል፣ በመጨረሻም የራስ ቃል። በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጉዞ! ማኅተሙን የሚመታው ሰው ደግሞ ሰው ነውና አንዳንዱን ዘቅዝቆ፣ አንዳንዱን ደግሞ መታው። በየካቲት 1909 ዓ.ም. ለንግሥት ዘውዲቱ የዘውድ በዓል በቀድሞዎቹ ቴምብሮች ላይ ጽሑፍ ሲታከልም የተገለበጠ አልጠፋም።

እኔ የዚህ ዓይነቱን ስሕተት ዋጋ አልክድም። የተገለበጠው ቃል አንድ ስሙ ያልተጻፈ ሠራተኛ በአንድ ቀን እዚያ ጠረጴዛ ፊት እንደ ነበረ ይመሰክራል። ደኅናው ቴምብር ስለ መንግሥት ይናገራል፤ የተገለበጠው ስለ ሠራተኛው ይናገራል። በብራና መጽሐፍ ላይ ጸሐፊው የዘለለውን መስመር በኅዳግ ሲያስገባው የምናየው ይህንኑ ነው። እጅ ነበረ፣ ዓይን ደከመ፣ ሰው ነበረ።

ነገር የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። በ1911 ዓ.ም. እጅግ ያማረ የቴምብር ስብስብ ወጣ። በስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ የታተመ፣ 15 ዓይነት። ቀጭኔ አለበት፣ ነብር አለበት፣ አውራሪስ፣ ሰጎን፣ ዝሆን፣ አንበሳ አለበት፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪና ንግሥት ዘውዲቱም አሉበት። በሁለት ቀለም የሚታተም ቴምብር ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ማተሚያው ውስጥ ይገባል፤ አንድ ጊዜ ለዙሪያው፣ አንድ ጊዜ ለመካከለኛው ሥዕል። በሁለተኛው ዙር ወረቀቱ ዞሮ ከገባ እንስሳው በጀርባው ተንጋሎ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይታሰብ ቢደርስ ብርቅ ነው። ግን ይህ ስብስብ በኋላ እንደገና ታተመ። በድጋሚው ኅትመት ውስጥ ጥርሱ ያልተበሳም፣ መካከሉ የተገለበጠም ተገኘ። አዋቂዎች የሚለዩት በሙጫው ነው፦ የመጀመሪያው ሙጫ ነጭና ለስላሳ ነው፤ የድጋሚው ቡናማ ሆኖ የተሰነጣጠቀ ነው። በዓለም ካታሎግ ውስጥ የድጋሚው ዋጋ ከምንም አይቆጠርም።

ልብ በሉ! ከፊት ሲያዩት ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ፍርዱ የሚሰጠው ጀርባው ታይቶ ነው። ሰብሳቢው በዚህ ላይ ከብዙ ሐያሲ ይሻላል። ስሕተትን ሲወድ ስሕተት ከተባለው ሁሉ ጋር አይወድቅም፤ ከሐሰት ይለየዋል። የእጅ ማኅተሞቹም ቢሆኑ በብዛት ተመስለው ስለ ተሠሩ «ቦስጣ» የሚል ያየ ሁሉ ወርቅ አገኘሁ አይልም።

የሌላውንም አገር ብናይ ያው ነው። በአሜሪካ በ1918 አውሮፕላኑ የተገለበጠበት የ24 ሳንቲም ቴምብር ሲወጣ በገዥ እጅ የገባው አንድ ሉክ፣ 100 ፍሬ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ዝነኛ ሆኖ ይኖራል። በ1962 ግን ለዳግ ሐመርሾልድ መታሰቢያ በወጣው ቴምብር ላይ ቢጫው ቀለም ተገልብጦ ሲገኝ የፖስታው ሹም ስሕተቱ ሆን ተብሎ በሚሊዮን እንዲታተም አዘዘ። ያን ጊዜ ብርቅነቱ አበቃ። ቀለሙ ያው፣ መገልበጡ ያው፤ የተለወጠው ማወቅ ነው። ሠሪው እያወቀ ሲሠራው ስሕተት መሆኑ ቀረ።

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን እንምጣ። በየግጥም ምሽቱ አንድ ፈሊጥ ተለምዷል። ቤቱ አልመታ ያለው፣ ዜማው የተሰበረበት፣ ግሡ ከባለቤቱ የተጣላበት ወጣት ገጣሚ ሲጠየቅ «ሆን ብዬ ነው» ይላል። ሆን ብለህ ከሆነማ መልካም፤ ግን ጀርባውን አሳየን! የሰበርከው ቤት ሙሉውን የምታውቅ መሆንህን፣ ስብራቱም ለግጥሙ አንድ ሥራ የሚሠራ መሆኑን ከራሱ ከግጥሙ ማየት አለብን። አለዚያ የተሰነጣጠቀ ቡናማ ሙጫ ነው። በሌላ በኩል ሳያውቅ የተሳሳተ ጀማሪ «አላወቅሁም» ቢል ስንኙ የሆነ እውነት ሊኖረው ይችላል፤ የሰው እጅ አለበትና።

ሰብሳቢውንም ሳንወቅስ አናልፍም። አሞሌ ሲሰበር ዋጋው ቢወርድም ይበላል፤ የመጠቀሚያ ዋጋው አልጠፋም። የተገለበጠ ቴምብር ግን ደብዳቤ ቢያደርስም ማንም አይለጥፈውም፣ አልበም ውስጥ ይታሰራል። መልክት እንዲያደርስ የተሠራው ነገር መልክት ማድረስ ሲያቆም ዋጋው ይጨምራል። ይህ ብቻውን ኀጢአት አይደለም። የሚያሳዝነው የደግነቱ ማነስ ነው። የማተሚያ ቤት ስሕተት በአጉሊ መነጽር ይመረመራል፣ ይከበራል። አፉን በኽምጣና የፈታ የሰቆጣ ልጅ እዚሁ ግቢ ውስጥ አማርኛው ትንሽ ዘንበል ሲል ግን ይሳቅበታል። እንዲያው በእውነት የማንኛው ስሕተት ነው የበለጠ የሚናገረው? በልጁ አማርኛ ውስጥ ያለው መዛነፍ ከሥሩ አንድ ሌላ ሙሉ ቋንቋ እንዳለ ይመሰክራል። «ቦስጣ» ብሎ «መልክት» ያለው ማኅተም የሚነግረንን ነው የሚነግረን፦ አንድ ሰው በሁለት ቋንቋ መካከል ቆሞ ቃል ሲፈልግ። ያንን በአልበም እያስቀመጥን ይህን በሣቅ ከመለስነው ዓይናችን የሚሠራው ለገንዘብ ብቻ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ሐያሲ ልንሆን የምንፈልግ ሁሉ ከሁለቱም ገበያ ብንማር አይከፋም። ከአሞሌ ገዥው፦ በዝና ሳይታለሉ በጣት መዳሰስን። ከቴምብር ሰብሳቢው፦ ጉድለት ስላየን ብቻ አለመወርወርን፣ ገልብጦ ጀርባውን ማየትን። ያልታሰበውን ስሕተት ከተፈበረከው፣ ማንነት ያለበትን መዛነፍ ከስንፍና መለየት እስክንችል ድረስ የምንጽፈው ሂስ የዋጋ ዝርዝር እንጂ ፍርድ አይባልም።